ሳሙናውን የበላው ማን ነው?

ልጅ ሳለሁ ድሬዳዋ ቤታችን እየመጡ ልብስ የሚያጥቡ አንዲት ሴት ነበሩ። አንድ ቀን እናቴ፥ «ትናንት የሰጠሁሽ ሳሙና የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እትዬ፥ ውኃው ጠጣው» አሉ። «ደግሞ ውኃ ሳሙና ሲጠጣ የት አየሽ?» አለች እናቴ። ሴትዮዋ ሌባ ተብለው ሄዱ፤ ከዚያም ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ሆኜ ስለ ኬሚስትሪ ለመጻፍ የደፈርሁት፥ የሴትዮዋ ቃል እውነት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

የዝናብ ውኃ ማዕድን የለበትም ማለት ይቻላል። ወደ መሬት ሲሰርግ ግን ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይም ሲያገኝ ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይጓዛል። ይህ ዓይነቱ ውኃ «ጠንካራ ውኃ» ይባላል። የድሬዳዋ ውኃ የሚወጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ ያገሩም ድንጋይ ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ነው። መቀሌም እንዲሁ የኖራ ድንጋይ አገር ናት። በአዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ በሚመጣው ውኃ የሚታጠብ ሰው ግን ይህን ችግር እምብዛም አያውቀውም።

ሳሙና ከቅባትና ከሶዳ የሚሠራ ነው። አንዱ ጫፉ ውኃን፥ ሌላው ጫፉ ቅባትን ስለሚይዝ እድፉን ያነሣል። በጠንካራ ውኃ ሲገባ ግን ካልሲየሙ ሶዲየሙን አስለቅቆ በቦታው ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ነገር በውኃ አይሟሟም፥ አረፋም አያወጣም፤ እንደ እርጎ ተቋጥሮ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል እንጂ። በሳፋ ዙሪያ የሚቀረው ቀለበት እርሱ ነው፤ ነጩን ነጠላ የሚያወይበውም እርሱ ነው። ሳሙናው በደንብ ማጠብ የሚጀምረው ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ካለቁ በኋላ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። የውኃ ጥንካሬ በካልሲየም ካርቦኔት ልክ ይሰላል፤ በአንድ ሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ያለው ለስላሳ፥ ከ180 በላይ ያለው በጣም ጠንካራ ይባላል። 300 ሚሊግራም ያለበትን ውኃ በ20 ሊትር ባልዲ ብንቀዳ፥ አንድ ሸሚዝ እንኳ ሳይታጠብ 37 ግራም ያህል ንጹሕ ሳሙና በከንቱ ይጠፋል። እንግዲህ 250 ግራም የሚመዝን ሳሙና ለ7 ባልዲ አይበቃም ማለት ነው። ሴትዮዋ ስንት ባልዲ እንደቀዱ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ዝቃጩ በቆዳና በጠጉር ላይም ስለሚቀር ቆዳ ይደርቃል፥ ያሳክካል፤ ጠጉርም ይሻክራል። ስለዚህ ገላን በጥቂት ሳሙና ታጥቦ በብዙ ውኃ መለቅለቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ችፌን ሁሉ በውኃው ማሳበብ ስሕተት ነው። በእንግሊዝ አገር ችፌ ባለባቸው 336 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2011 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የታተመ ጥናት፥ የውኃ ማለስለሻ መሣሪያ በቤት መግባቱ ከተለመደው ሕክምና በላይ የጨመረው ጥቅም እንደሌለ አሳይቷል። ለመጠጥም ቢሆን ካልሲየምና ማግኒዥየም ለሰውነት የሚያስፈልጉ እንጂ የሚያስፈሩ አይደሉም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ/ ማፍላት። ከኖራ ድንጋይ የመጣው ጥንካሬ አብዛኛው ሲፈላ ይዘቅጣል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው፤ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ይለቃል። ጂፕሰም የተሟሟበትን ውኃ ግን ማፍላት አያለሰልሰውም።

2ኛ/ ሶዳ አሽ። 37 ግራም ሳሙና ለሚበላው ባልዲ 7 ግራም የማይሞላ ደረቅ ሶዳ አሽ ይበቃል። ሶዳው አስቀድሞ ይጨመራል፤ ሳሙናው ኋላ ይገባል። ነገር ግን እጅ ይልጣል፥ ለሱፍና ለሐርም አይሆንም።

3ኛ/ በክረምት የዝናብ ውኃ ማጠራቀም።

4ኛ/ ለልብስ የዱቄት ሳሙና መጠቀም፤ እርሱ እንደ ደረቁ ሳሙና አይቋጠርም። የእንዶድ አረፋም የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ሌላ ነገር ስለሆነ እንዲሁ ነው።

የተጠራጠረ ሰው ራሱ ይፈትነው። በአንድ ጠርሙስ የዝናብ ውኃ፥ በሌላው የቧንቧ ውኃ እኩል ይቅዳ፤ እኩል የሳሙና ፍርፋሪ ጨምሮ ይናጠው። ባለፈው ክረምት ለእናቴ ይህንኑ አሳየኋት። አንዱ ጠርሙስ እስካፉ አረፋ ሞላ፤ ሌላው ደፍርሶ ቀረ። እናቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችና፥ «ታዲያ ያችን ሴትዮ ምን ብለን ነው የሰደድናት?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ሴትዮዋ የት እንደገቡ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ውኃውን መክሰስ ስላልተቻለ አጣቢዋ ተከሰሱ። ዛሬም ሳሙና በቁጥር እየተሰጣቸው፥ ሲያልቅ በክፉ ዓይን የሚታዩ ሴቶች አሉ። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትገቡ ሁለቱን ጠርሙሶች ለየቤታችሁ አሳዩ።