ስለ ድረ ገጽ ንድፍ የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች
ከኩታበር ተጠቃሚ አንጻር ሲታዩ

አንድ ምሳሌ በማንሣት እንጀምር። በኩታበር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያጠናቀቀ አንድ ወጣት አለ እንበል። ይህ ወጣት ለአንድ የሥልጠና ዕድል በኢንተርኔት ለመመዝገብ የእጅ ስልኩን ያነሣል። ድረ ገጹ ለመከፈት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ከተከፈተ በኋላ የሚመጣለት ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቀዋል፤ የአባቱን ስም ይጻፍ ወይስ የአያቱን የሚል ጥርጣሬ ያድርበታል። የተወለደው ጳጉሜ 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው፤ ቅጹ ግን የሚያውቀው 12 ወራትን ብቻ ነው። የምዝገባው ማብቂያ «12:00 ሰዓት» ይላል። ወጣቱ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ጊዜ ያለው መስሎት ልደቱን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚቀይርለት ሰው ፍለጋ ይወጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሲመለስ ምዝገባው ተዘግቷል። ገጹ 12:00 ያለው እኩለ ቀንን፣ ማለትም በእኛ አነጋገር ከቀኑ 6 ሰዓትን ኖሯል። ወጣቱም «እኔ ነኝ ያላወቅሁበት» ብሎ ይተወዋል።

ጥፋቱ በእርግጥ የማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ መነሻ በማድረግ፣ ስለ ድረ ገጽ ንድፍ በስፋት ከሚነገሩ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች አምስቱን እንመረምራለን።

የተጠቃሚ ተሞክሮ ስንል ምን ማለታችን ነው?

«የተጠቃሚ ተሞክሮ» የሚለው አጠራር በሙያው ዓለም እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ዶናልድ ኖርማን ናቸው። ኖርማን በአፕል ኩባንያ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1993 ይህንኑ ስያሜ የሥራ መደባቸው መጠሪያ አድርገውታል። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ደንብ ፅንሰ ሐሳቡን ተርጉሞታል። በአጭሩ ስናስቀምጠው፣ የተጠቃሚ ተሞክሮ ማለት አንድ ሰው አንድን አገልግሎት ከመጠቀሙ በፊት፣ ሲጠቀምበትና ከተጠቀመበት በኋላ የሚያድርበት ግንዛቤና የሚሰጠው ምላሽ ነው። ስለዚህ ተሞክሮው የሚገኘው በሰውየውና በገጹ መገናኛ ላይ እንጂ በገጹ ውስጥ ብቻ አይደለም።

1. «ንድፍ ማለት ማስዋብ ነው»

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ስሕተት ንድፍን ከቀለምና ከሥዕል ጋር አንድ አድርጎ መመልከት ነው። ውበት ዋጋ የለውም አንልም፤ ሰው ያማረ ገጽ ሲያይ የመተማመን ስሜት ሊያድርበት ይችላል። ሆኖም በምሳሌያችን የቀረበውን ወጣት ያሰናከለው የቀለም ጉድለት አልነበረም። ያሰናከሉት የወር ዝርዝር፣ የስም ሣጥንና የሰዓት አጻጻፍ ናቸው።

እንዲያውም ለውበት ሲባል የሚደረግ ምርጫ ራሱ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በነጭ መደብ ላይ በስሱ ግራጫ የተጻፈ ጽሑፍ በቢሮ ውስጥ ለዓይን ሊያምር ይችላል። በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ሥር በስልክ ሲነበብ ግን ከመደቡ ጋር ይመሳሰላል። ለዚህም ነው የድር ዓለም አቀፍ ጥምረት የተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ንጽጽር እንዲኖር የሚጠይቀው።

2. «እኛ ዘንድ ከሠራ ሁሉም ዘንድ ይሠራል»

ገጽ ሠሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፈጣን መስመር በተዘረጋበት ቢሮ፣ በሰፊ ስክሪን ላይ ነው። ተጠቃሚው ግን በገጠር ቀበሌ፣ መጠነኛ አቅም ባለው ስልክ፣ በሚቆራረጥ መስመር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን በስሌት እንየው።

በአንድ ገጽ ላይ 2 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ አለ እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ ፎቶግራፉ 16,000 ኪሎቢት ያህል ይሆናል። በሴኮንድ 200 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ደካማ መስመር ይህን ለማውረድ 16,000 ÷ 200 = 80 ሴኮንድ ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ ጽሑፉን እንመልከት። በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እንዲያም ሆኖ 6,000 ፊደላት ያሉት ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ክብደቱ 18 ኪሎባይት፣ ማለትም 144 ኪሎቢት ብቻ ነው፤ በዚያው መስመር ከ1 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ገጹን የሚያከብደው ፊደላችን ሳይሆን ለጌጥ የተጨመረው ፎቶግራፍ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። የዘርፉ ተመራማሪ ያኮብ ኒልሰን እንደሚያስረዱት፣ የሰው ትኩረት ያለ ምላሽ በአንድ ሥራ ላይ ሊቆይ የሚችለው እስከ 10 ሴኮንድ ገደማ ነው። ሰማንያ ሴኮንድ ከዚህ ስምንት እጥፍ ነው፤ ለዚያውም ተጠቃሚው ለሚያወርደው እያንዳንዱ ሜጋባይት ከኪሱ ይከፍላል።

3. «ወደ አማርኛ ከተተረጎመ በቂ ነው»

ይህ ስሕተት ለእኛ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ይከብዳል። ቋንቋው ቢተረጎምም ከቃላቱ ጀርባ ያለው አሠራር የባዕድ ሆኖ ሊቀር ይችላልና።

ስምን እንውሰድ። የእኛ አጠራር የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም በአብዛኛው የለንም። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። ያው ሰው በሁለት ገጾች ላይ በተለያየ መንገድ ከሞላ ደግሞ ሁለቱ መዝገቦች አይገናኙም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሦስት ሣጥኖች አዘጋጅቶ እያንዳንዱን በስሙ መጥራት።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። የዘመን አቆጣጠራችን 13 ወራት አሉት፤ ዓመቱም ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። ጳጉሜ 3 ቀን 1998 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2006 ነው። ይህን ስሌት ማሽኑ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያከናውነዋል፤ ታዲያ ሸክሙን በተጠቃሚው ላይ መጫን ለምን አስፈለገ? ሰዓትን በሚመለከትም «እስከ ከቀኑ 6 ሰዓት (እኩለ ቀን)» ተብሎ ቢጻፍ አሻሚነቱ ይወገዳል።

ሦስተኛው ጉዳይ ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ካካተተ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለማሽኑ ሦስት ልዩ ልዩ ቁጥሮች ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንመልከት። የመጀመሪያውን ድምፅ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ሥን በሥ ወይም በስ፤ ሴን በሴ ወይም በሤ መጻፍ ይቻላል። ይህም 6 × 2 × 2 = 24 አጻጻፍ ይሰጣል። ኩታበርም ቢሆን አንዱ «ኩታበር»፣ ሌላው «ኩታ በር» ብሎ ይጽፈዋል። ገጹ አንዱን አጻጻፍ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ በሌላው የፈለገውን ሰው «አልተገኘም» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ተጠብቆ፣ ለፍለጋው ሥራ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ እንዲጠቃለሉ ማድረግ ይገባል።

4. «ከሦስት ጊዜ በላይ መጫን፣ ከሰባት በላይ ምርጫ አይፈቀድም»

እነዚህ ሁለት «ሕጎች» በየሥልጠናው ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ በሦስት ጊዜ መጫን የፈለገውን ካላገኘ ጥሎ ይሄዳል ይላል። ጆሹዋ ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት ግን ተጠቃሚዎች ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ ተስፋ እንደማይቆርጡ፣ እርካታቸውም ከጫኑት ብዛት ጋር እንደማይያያዝ አሳይቷል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ግቡ እያቀረበ መሆኑ በግልጽ መታየቱ ነው። እርግጥ ነው፣ መስመሩ ደካማ በሆነበት አካባቢ እያንዳንዱ አዲስ ገጽ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህ ግን የክብደት ጉዳይ እንጂ የሦስት ቁጥር ምሥጢር አይደለም።

ሁለተኛው «ሕግ» የተወሰደው የሥነ ልቦና ሊቁ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ካሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ነው። ሚለር የተናገሩት ሰው በአጭር ጊዜ ትውስታው ስለሚይዘው መጠን ነው። በገጽ ላይ ተዘርዝሮ የሚታይ ምርጫ ግን ከዓይን ፊት ስላለ በቃል መያዝ አያስፈልገውም። የወረዳዎችን ስም በፊደል ተራ የደረደረ ረጅም ዝርዝር፣ ትርጉማቸው ከተምታታ ሰባት ምርጫዎች ይልቅ ሊቀል ይችላል።

5. «ሙከራ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ይጠይቃል»

ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ስሌት መሠረት፣ አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆኑትን የገጹን ችግሮች ያጋልጣል። አንድን ችግር አምስቱም ሰዎች ሳያዩት የማለፋቸው ዕድል 0.69 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 0.16 ገደማ ነው። ስለዚህ አምስት ሰዎች 84 በመቶ ያህሉን ችግር ያወጣሉ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህንንም እንደ ሕግ መያዝ ሌላ ስሕተት ይሆናል። 31 በመቶ አማካይ ነው፤ እንደ ገጹ ዓይነት ይለያያል። በተጨማሪም አምስቱም በደሴ የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሆኑ የኩታበሯን ነጋዴ ወይም የአርሶ አደሩን ችግር አይነግሩንም። ስለዚህ ከየወገኑ ጥቂት ጥቂት ሰው መጠየቅ ያሻል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሳይሞከር የወጣ ገጽ ኋላ ለማረም ይበልጥ ያስወጣል።

የተግባር መልመጃ

አንባብያን ይህን በራሳቸው እንዲሞክሩት እንጋብዛለን። አንድ የምታውቁትን የምዝገባ ቅጽ ምረጡ። ከዚያም ገጹን ሠርተው የማያውቁ፣ በዕድሜና በሥራ የሚለያዩ አምስት ሰዎችን በየተራ እንዲሞሉት ጠይቁ። በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አባት ከሆኑ፣ «እማማ፣ የምንፈትነው ገጹን እንጂ እርስዎን አይደለም» ብላችሁ በቅድሚያ አስረዷቸው። ሲሞሉ አትምሯቸው፤ የት እንደቆሙ፣ ምን እንደጠየቁ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደባቸው ብቻ መዝግቡ። ሦስቱ በአንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ችግሩ የገጹ ነው።

ለማጠቃለል፣ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት መጽሐፋቸው እንዳመለከቱት፣ ሰዎች በዕቃ አጠቃቀም ሲሳሳቱ ብዙውን ጊዜ ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የንድፉ ነው። አገልግሎቶች ከወረቀት ወደ ስክሪን በሚሸጋገሩበት በዚህ ዘመን፣ አንድ የተሳሳተ የወር ዝርዝር የአንድን ወጣት ዓመት ሊያስቀር ይችላል። ስለሆነም ገጽ የምንሠራ ሁሉ «ተጠቃሚው ምን አጠፋ?» ከማለታችን በፊት «እኛ ምን ሳንጠይቀው ቀረን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።