ከጓሮ እስከ ዲላ መጋዘን፦ የጌዴኦን ኢኮኖሚ ለማወቅ ለሚመጣ ሰው

ተመራቂ ተማሪ፣ አዲስ የተመደበ የወረዳ ባለሙያ ወይም ከውጭ ተመልሶ ገንዘቡን ሥራ ላይ ሊያውል የሚያስብ ሰው ዲላ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው "እዚህ ምን ይጎድላል?" ብሎ ነው። መልሱ አያልቅም፤ መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት፣ ሥራ። ይህ ዝርዝር ግን የየትኛውም ዞን ስም ቢጻፍበት ያስኬዳል። ጌዴኦ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ስሙ ዓለም የሚያውቀውን ቡና የሚያበቅል አገር ገንዘቡ የት ይቀራል? ቀጥሎ ያለው አካሄድ ይህን አንድ ጥያቄ ይከተላል።

አንደኛ፦ ከደጋው ወደ ታች ውረዱ

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ ትገኛለች። አብዛኛው መጪ አስፋልቱን ይዞ ወናጎንና ይርጋጨፌን አይቶ ይመለሳል። እንዲህ ያየው የቡናውን ወገብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቡሌ ውጡ። እዚያ ቡናው ቀርቶ እንሰትና ገብስ ይነግሣሉ። ከዚያ በእግርም በሞተርም ወደ ዲላ እየወረዳችሁ ማን ምን ተሸክሞ እንደሚወርድ፣ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚወጣ መዝግቡ። የገበያ ቀን ይሁን።

ሁለተኛ፦ በሩን በወጉ አንኳኩ

ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ ያዙ፤ ቀበሌውን አሳውቁ። ይህ ለፍተሻ ይበቃል እንጂ ለጨዋታ አይበቃም። ጌዴኦ ባሌ የሚባል የራሱ ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓት አለው፤ አባ ገዳና ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሸንጎ ደግሞ ሶንጎ ይባላል። መጠይቁን በቦርሳ አቆዩትና ከጥግ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ሰዎች በምን ይከሰሳሉ? በድንበር፣ በውርስ ወይስ በብድር? የክሱ ዓይነት የኢኮኖሚውን ቁስል ከማንኛውም መጠይቅ ቀድሞ ያሳያችኋል። ጌዴኦኛ የማትችሉ ከሆነ አስተርጓሚያችሁን ከቀበሌ ሹሞች መካከል አትምረጡ፤ ሰው በሹሙ ፊት ስለ ግብርና ስለ ብድር በነፃነት አያወራም።

ሦስተኛ፦ አንድ ጓሮ በደንብ አንብቡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሃያ ቤት በሩጫ ከመጎብኘት አንዱን ጓሮ ግማሽ ቀን ማየት ይሻላል። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሳሳና ኮርች ጥላ ይሰጣሉ፤ በመካከል እንሰትና ቡና፣ ከሥር ጎደሬና ጎመን ይኖራሉ፤ አቮካዶውና ሙዙም ከዚያው ነው። ይህ ሁሉ ሰው ሽቅብ ሲወጣ በሚያለከልክበት ተዳፋት ላይ ቆሞ አፈሩ አልታጠበም። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን እርሻ፣ የተቀደሱ ደኖቹንና እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ያሉትን የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች አንድ ላይ አይቶ ነው።

ሥዕሉን በወረቀት ንደፉና እያንዳንዱ ተክል ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ማን ተከለው? ማን ይሸጠዋል? ገንዘቡ ማን እጅ ይገባል? ለቡናው አባወራው ይመልስላችኋል። ለእንሰቱ ግን እሱን አትጠይቁ፤ መፋቁም፣ ቆጮውን ጉድጓድ ማስገባቱም፣ ቡላውን መለየቱም የሴቶች ሥራ ስለሆነ ሒሳቡን የምታውቀው እማወራዋ ናት። ሴት ረዳት ይዛችሁ እንሰት ሲፋቅ ሂዱ፤ ሥራ ላይ የሚነገረውን እንግዳ ማረፊያ ወንበር ላይ አታገኙትም።

ዋንዛውን እንዳትረሱት። ለብዙ ቤት ዛፍ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ነው። በቅርቡ ዛፍ ከተቆረጠ ለምን እንደተቆረጠ በዘዴ ጠይቁ። ሕመም፣ የትምህርት ወጪ ወይም የልጅ ሠርግ መሆኑ አይቀርም። መሬቱ በውርስ ስንት ጊዜ እንደተከፈለም ጠይቁ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 847,434 ነበር፤ ስፋቱ ግን 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። ያኔ እንኳ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው መሆኑ ነው። የልጅ ልጅ ድርሻ ስንት እግር ቡና እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

አራተኛ፦ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ሥሩ

አንዱ የገንዘብ፣ ሌላው የምግብ። የእሸት ቡና ገንዘብ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይመጣል፤ ቆጮው ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይበላል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ክረምት ላይ ይታያል። ለዚህ ነው ጥናቱን በኅዳር ብቻ የሠራ ሰው ሀብታም ዞን አይቻለሁ ብሎ የሚመለሰው። ሐምሌን ጠይቁ፦ ባለፈው ሐምሌ ከማን ተበደራችሁ? በምን ያህል ወለድ? ቡናው ሳይቀላ የሸጠው አለ? ዕቁቡስ ሐምሌ ላይ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል?

አምስተኛ፦ አንድ ኪሎ ቡና ተከተሉ

ገበሬው ቀይ እሸት ለመፈልፈያ ጣቢያ ይሸጣል፣ ወይም አድርቆ በጀንፈል ያቆየዋል። የሚያቆየውና የሚቸኩለው ማን እንደሆነ ለዩ፤ ዕዳ ያለበት አያቆይም። ከጣቢያው ቡናው ደርቆ ወደ ዲላ የምርት ገበያ መጋዘን፣ ወይም በቀጥታ ወደ ላኪ፣ ወይም በመሠረታዊ ማኅበር በኩል በ1994 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ይሄዳል። በቀጥታ ለላኪ የሚሸጥበትን በር ያሰፋው አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው። ከዚያ በፊት በምርት ገበያ በኩል ያለፈ ቡና ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅ የማን ጓሮ እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። እሸቱ በ100 ብር ተሸጠ እንበል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። ገበሬው ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 600 ብር አገኘ ማለት ነው። ይህን በዚያው ሳምንት ካለው የላኪ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱን በሙሉ ደላላ ላይ መለጠፍ ይቀናል፤ ትክክል ግን አይደለም። የጣቢያ የቀን ሠራተኛ፣ ማድረቂያ አልጋ፣ ጭነት፣ የባንክ ወለድ አለ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት ደግሞ ቡናውን በኪሳራ ልኮ በዶላሩ ዕቃ እያስመጣ የሚያካክስ ላኪም ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርከን ወጪውን ጠይቃችሁ ካወጣችሁ በኋላ ነው ትርፉን የምትናገሩት።

ስሙም ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ "ይርጋጨፌ"ን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. አመለከተች፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተዘጋ። ገበሬውን ስለ ስሙ አትጠይቁት። የማኅበሩ የትርፍ ክፍፍል ደርሶት እንደሆነ፣ መቼና ስንት እንደነበረ ጠይቁት።

ስድስተኛ፦ ዲላን በሁለት ወቅት እዩ

አንድ የልብስ ሱቅ፣ አንድ የቆርቆሮና ምስማር ሻጭ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ምረጡ። ኅዳር ላይና ሐምሌ ላይ ሽያጫቸውን አወዳድሩ። ከዚያ ዲላ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለውን ምግብ ቤት ጠይቁ፤ የተማሪ ገንዘብ ከቡናው ጋር አይወጣም አይወርድም። ከተማዋ ከቡና ውጭ በምን እንደምትተነፍስ የሚለካው በዚህ ነው።

ሰባተኛ፦ 2010ን ሳትነኩ አትለፉ፣ ሳትጠነቀቁም አትንኩ

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሏል። ያ ዓመት በሌለበት የሚጻፍ የኑሮ ታሪክ ጎዶሎ ነው፤ የተቃጠለው ቤት፣ ያልተለቀመው ቡና፣ የተበላው ዘር እስከ ዛሬ ሒሳብ ውስጥ አለ። ማን ምን አደረገ ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ምን ጠፋ፣ ምን ተመለሰ በሉ። ሽማግሌ ካገኛችሁ ወደ ኋላ በ1952 ዓ.ም. ጭሰኛው በባለርስት ላይ የተነሣበትን የሚጪሌን ዘመን ያወጋችኋል። የመሬት ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግብ ያኔ ይገባችኋል።

ስምንተኛ፦ የቢሮ ቁጥር መጨረሻ ላይ

ግብርና፣ ፕላንና ንግድ መምሪያዎች ሰንጠረዥ አላቸው፤ ጠቃሚም ነው። ከጓሮው በኋላ ስታዩት ግን ጥያቄ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ለምሳሌ "የተተከለ ችግኝ" የሚለው ዓምድ አጠገብ "የጸደቀ" የሚል አለ?

ከዚያ ረቂቁን ይዛችሁ ወደ ጀመራችሁበት ቀበሌ ተመለሱና ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሴቶቹም ይቀመጡ። አንድ ቁጥር ላይ ሁለት ሰው ከተከራከረ ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱ አራሽ፣ አንዱ ነጋዴ ከሆነ ያንንም ከጎኑ አስፍሩ። አንድ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንድ ለማኅበሩ ትታችሁ ሂዱ።