መለኪያው የቀድሞው ራሳችሁ ነው

ወዳጆቼ፣ ስለ እናንተ ከማንም ሐኪም በፊት የምታውቁት እናንተው ናችሁ። በስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚወስዳችሁ፣ ምን ሲባል እንደምትስቁ፣ ስንት እንጀራ እንደሚያጠግባችሁ፣ ከማን ጋር ስታወሩ ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ይህ እውቀት ትልቅ ሀብት ነው! አእምሯችን መድከም ሲጀምር መጀመሪያ የሚለወጡት እነዚህ የየዕለት ነገሮች ናቸው። ለውጡን ቀድሞ ያየ ሰው ቀድሞ እርዳታ ያገኛል፤ ቀድሞም ይነሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለአእምሮም ይሠራል።

የአእምሮ ሕመም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ልብሱን ጥሎ አስፋልት ላይ የሚሄድ፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው። «እኔ እዚያ አልደረስኩም» ብለን እንረጋጋለን። ነገሩ ግን ከዚህ በጣም የሰፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ፣ በጠቅላላው 970 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ፣ የአእምሮ ጤና እክል ነበረበት። በብዛት የሚታዩት ጭንቀትና ድባቴ ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ጠዋት ተነስተው ቢሮ ይገባሉ፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ፣ ያስተምራሉ። ከውጭ ሲታዩ ደህና ናቸው። ውስጣቸው የተለወጠውን የሚያውቁት እነሱና በቅርብ የሚያዩዋቸው ብቻ ናቸው።

ለውጡ የሚታየው የት ነው?

እስቲ አንዲት ጎረቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሏት። ሁልጊዜ ወደ አስር ሰዓት ገደማ ቡናዋን ቆልታ «ኑ ቡና ጠጡ!» የምትል፣ ሳቋ ከግቢ ውጭ የሚሰማ ሴት ናት። አንድ ቀን «ዛሬ ራሴን አሞኛል» አለች። በሳምንቱ ረከቦቱ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሌላ ቤት ቡና ተፈልቶ ልጅ ሲላክባት «እሺ፣ እመጣለሁ» ትላለች፤ አትመጣም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅታ ኮርኒሱን እያየች ይነጋል። ጠዋት ከአልጋ መውረድ ተራራ ይሆንባታል፤ ወደ ማታ ትንሽ ቀለል ይላታል። ሽሮው ምድጃ ላይ እያረረ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አታየውም። ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፦ «ጨጓራዬ ነው።»

ይህች ሴት አንድም ቀን ሰው ፊት አላለቀሰችም። ስለዚህ ሰፈሩ «ኩራት ጀመራት» ይላል። ልብ ላላት ሰው ግን ምልክቱ ሁሉ ተደርድሯል። የምትወደው ነገር ጣዕም አጥቷል። እንቅልፏ ከወትሮው ቀድሞ ይቋረጣል። ሐሳቧ አይሰበሰብም። ከሰው ትሸሻለች። ጠዋት ከብዶ ማታ የሚቀልል ስሜትና ሌሊት መንቃት ሐኪሞች ድባቴን ሲመረምሩ ከሚጠይቁት ውስጥ ናቸው። ሰው ባያለቅስም፣ «ከፋኝ» ባይልም ሊታመም ይችላል።

ስለ ጨጓራዋም ውሸቷን አይደለም። በእኛ ዘንድ ጭንቀትና ድባቴ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚናገሩት። ራስን ያቃጥላል፣ ሰውነትን ይወርራል፣ ልብ ይመታል፣ ደረት ይጨመቃል፣ ወገብ ይቆረጥማል። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ሰውየው ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል፣ ደም ይሰጣል፣ ራጅ ይነሳል፤ «ምንም የለብህም» ይባላል። ምርመራው ራሱ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድባቴ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ ግን ጉዳዩን እዚያ አትተዉት። ለሐኪሙ «እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል፣ ነገር ሁሉ አስጠልቶኛል» በሉት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የወራት መንከራተትን ልታሳጥር ትችላለች።

ሦስቱ መለኪያዎች

«ታዲያ የከፋው ቀን ሁሉ ሕመም ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም! ሰው ያዝናል፣ ይናደዳል፣ ይደክመዋል። ዘመድ የሞተበት ሰው ቢያለቅስና እህል ቢያስጠላው ሰው መሆኑ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሦስት ነገር ጠይቁ።

የመጀመሪያው፦ ከቀድሞው ራሴ ምን ያህል ተለወጥኩ? ከተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ ሰው ዝም ቢል ለውጥ የለም። ተጫዋቹ ዝም ሲል ግን ለውጥ አለ። ስለዚህ ከጓደኛችሁ፣ ከወንድማችሁ ወይም በቲክቶክ ከምታዩት ሰው ጋር አትወዳደሩ። ከስድስት ወር በፊት ከነበራችሁት እናንተ ጋር ተነጻጸሩ።

ሁለተኛው፦ ስንት ጊዜ ቆየ? ሐኪሞች ለድባቴ የሚጠቀሙበት ወሰን ሁለት ሳምንት ነው። አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዘለቀ «ያልፋል» ብሎ መጠበቅ ይብቃ።

ሦስተኛው፦ ኑሮዬን አሰናከለው? ሥራ ላይ ስሕተት በዛ? ትምህርት ወረደ? ልጆቹ ላይ መጮህ መጣ? ገላ መታጠብና ልብስ መለወጥ ከበደ? ዕድርና ማኅበር ቀረ?

በብዙ አገር ያሉ የጤና ባለሙያዎች ይህንኑ የሚለኩበት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አላቸው። ወደ አማርኛም ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ስለ ደስታ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ምግብ፣ ራስን ስለ መውቀስ፣ ስለ ትኩረት፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ሞት ሐሳብ ይጠይቃል። የደም ግፊታችንን ተለክተን «ከፍ ብሏል» ሲሉን እንደማናፍር ሁሉ፣ በዚህ መጠይቅ መለካትም አያሳፍርም። በርቱና ጠይቁ!

በቀላሉ የሚያልፉን ምልክቶች

ምልክት ሁሉ ሐዘን አይደለም። ሌሊቱን ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም የማይሰማው፣ ንግግሩ የማይቋረጥ፣ ሐሳቡ የሚሮጥ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ንግድ ሊከፍት የሚበደር ሰው ሲታይ «ጉልበት አገኘ» ይባላል። ከወትሮው ባሕርዩ በድንገት የወጣ ከሆነ ግን ይህም የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ሊመርዙኝ ነው» ብሎ ከቤተሰብ ማዕድ መራቅ፣ «ሬዲዮው ስለ እኔ ነው የሚያወራው» ማለት ደግሞ ሁለት ሳምንት የሚያስጠብቁ አይደሉም። ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይዛችሁ ሂዱ።

ጫትና መጠጥ ሲጨምሩም አስተውሉ። «ሲጨንቀኝ ነው የምቅመው» የሚል ሰው ጭንቀቱን እየነገራችሁ ነው። ጫት ያነቃቃል፣ እንቅልፍ ያባርራል፤ ምርቃናው ሲያልቅ ድብርቱ ይመለሳል፣ ባልቃመበት ቀንም ዱካክ ያሠቃየዋል። እንቅልፍ ለማምጣት መጠጥ ሲጨመር ደግሞ አዙሪቱ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ስድብ አይረዳም። «ምን አስጨነቀህ?» የሚል ጥያቄ ግን በር ይከፍታል።

አራስ እናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ቢብሳትና ብታለቅስ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ፣ ሕፃኗን ማቀፍ ከጠላች፣ «መጥፎ እናት ነኝ» ማለት ካበዛች «አራስ ናት» ብላችሁ አትለፏት። ገንፎውን ስታቀርቡላት ስለ እንቅልፏና ስለ ስሜቷም ጠይቋት።

የልጆች ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና እክሎች ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ይጀምራሉ፤ አብዛኞቹም ሳይታወቁና ሳይታከሙ ይቀራሉ። ልጅ «ድባቴ ይዞኛል» አይላችሁም። ይነጫነጫል፤ ትምህርት ቤት በሚሄድበት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ውጤቱ ይወርዳል፤ ይወደው የነበረውን ኳስ ይተዋል። ከመቆጣታችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ሠርታ የምታስተዳድራችሁ እህት ካለችም ስልኩን አስተውሉ። ፊቷን እያሳየች ታወራ የነበረች ልጅ በድምፅ ብቻ መደወል ከጀመረች፣ ጥሪዋ ካጠረ፣ «እንዴት ነሽ?» ሲሏት ቶሎ ብላ ስለ ገንዘቡ ከገባች፣ ገንዘቡን ተዉትና «አንቺስ? ትተኛለሽ? ትበያለሽ?» በሏት። እቤት የሚጠብቃት ሰው እንጂ ብር ብቻ እንዳልሆነ ስታውቅ እውነቱን ለመናገር ይቀልላታል።

እንዴት እንጠይቅ?

ምልክቱን ያየንበትን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የምናጽናናው «ጠንከር በል»፣ «ምን ጎደለህ?»፣ «ሰው ስንት ችግር አለበት» እያልን ነው። ፍቅራችን እውነት ነው፤ ቃሉ ግን አፉን ይዘጋዋል። ከእንቅልፉ ጀምሩ፤ እንቅልፍ ማንንም አያሳፍርምና። «ሰሞኑን እንደ ድሮው አይደለህም። እንቅልፍ ትተኛለህ?» በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ለምክር አትሽቀዳደሙ። በመጨረሻም «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» በሉት። «ሂድና ታከም» ከማለት «አብረን እንሂድ» ማለት ብዙ እርምጃ ያራምዳል።

«መኖር ምን ያደርጋል»፣ «ብገላገል ይሻለኝ ነበር» የሚል ቃል ከሰማችሁ፣ ወይም ሰው ንብረቱን እያከፋፈለ ሲሰናበት ካያችሁ፣ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን እንዲያወርድ ዕድል ይሰጠዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ፀረ-ተባይ መድኃኒት፣ ገመድ፣ ስለታም ነገርና መሣሪያ አርቁ። በዚያው ቀን በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት። አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ በ988 ቀንም ሌሊትም መደወል ይቻላል።

እርዳታው አለ!

«ቢታወቅ ምን ዋጋ አለው፣ የት ይኬዳል?» ለሚል መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለመሙላት የጀመረውን መርሐ ግብር ተግባራዊ ካደረጉ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች እንዲለዩና እንዲያክሙ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውንም እንዲልኩ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዘርፉ ብዙ ዘመን ያገለገለ ነው፤ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ከአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ።

ሕክምናው ምክር ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትጣሉት። ሲሻላችሁም ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ። ጸሎቱም፣ ጸበሉም፣ ዱዓውም ይቀጥል፤ ክኒኑን ግን አያስቀሩት። እምነትና ሕክምና ጎን ለጎን ሲሄዱ ብዙ ሰው ተጠቅሟል።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አንድ ልማድ ያዙ። እሑድ ማታ አራት ቃል ጻፉ፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሰው፣ ደስታ። በየቃሉ ፊት «እንደ ወትሮዬ»፣ «ቀንሷል» ወይም «በዝቷል» በሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት እሑድ ተከታትሎ ሁለትና ከዚያ በላይ ቃል ከወትሮው ከራቀ፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ቀን ቁረጡ። ጠዋት የምትነሱበት ሰዓት አንድ ይሁን፤ በየቀኑ ተራመዱ፤ የሰውነት እንቅስቃሴ የድባቴን ስሜት እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው። ከምታምኑት አንድ ሰው ጋርም ተማማሉ፦ «ስለወጥ ካየህ ንገረኝ፤ አልቀየምህም። እኔም እነግርሃለሁ።»

የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 10 ይታሰባል፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 30 ላይ ይውላል። እናንተ ግን መስከረምን አትጠብቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ ራሱን ያወቀና የተናገረ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ጠንካራ ማለት የማይታመም አይደለም፤ ጠንካራ ማለት ምልክቱን አይቶ «አግዙኝ» የሚል ነው። ይህን ስታነቡ ፊቱ የመጣባችሁ ሰው አለ አይደል? ስልካችሁን አንሡና አሁኑኑ ደውሉለት። የመጣባችሁ ፊት የራሳችሁ ከሆነም ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቀሪውን መንገድ ብቻችሁን አትሄዱትም!