የምድጃ ጢስና የሳንባ ጠባቂዎች

በሞጣና በቢቸና አካባቢ በየቤቱ ስንዞር አንድ ነገር ዘወትር እንሰማለን። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያልዘለለ እናት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆማ ታርፋለች፤ ጧት ጧት አክታ ያስላታል። ብንጠይቃት «ብርድ መትቶኝ ነው» ትላለች። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ታዲያ ሳንባዋን ምን ጎዳው? ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ። ያን ጥቀርሻ የሠራው ጢስ በትንፋሽም ይገባል እኮ።

በሳንባችን ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ ደቃቅ የአየር ከረጢቶች አሉ። በነዚህ ውስጥ እየተዘዋወሩ ቆሻሻ የሚለቅሙ ጠባቂ ሕዋሳት ተፈጥረውልናል። ተሐዋስያን ሲገቡ ይውጧቸዋል፤ ፈጭተውም ያጠፏቸዋል። ጥላሸት ግን ይዋጣል እንጂ አይፈጭም። ኩበትና ጭራሮ ስታነድ የኖረች ሴት የሳንባዋ ጠባቂዎች በአጉሊ መነጽር ቢታዩ ሆዳቸው ጠቁሮ ይገኛል።

ጠባቂው ሲጨንቀው ርዳታ ይጣራል፤ ከደም ውስጥም ነጭ ሕዋሳት ይጎርፋሉ። ነገሩ የጤፍ አረም ደቦ ይመስላል። አራሚው አርሞ ወደ ቤቱ ቢገባ ሰብሉ ይድናል፤ ነጋ ጠባ እየተጠራ ማሳው ላይ ቢሰነብት ግን ጤፉን ራሱን ይረግጠዋል። ነጭ ሕዋሳትም ተሐዋስያንን ለመግደል የያዙትን ብርቱ ፈሳሽ ዘወትር ሲረጩ የገዛ ከረጢቶቻችንን ግድግዳ ያሟሙታል። የአየሩ ቧንቧዎች ያብጣሉ፣ አክታ ይሞላቸዋል፣ ይጠባሉ። ይህ ብግነት ለዓመታት ሲቆይ ከረጢቶቹ ይቀደዳሉ፤ የተቀደደውም ተመልሶ አይጠገንም። መድኃኒት ትንፋሹን ያቀልላል፤ የጠፋውን ግን አይመልስም።

ሕፃኑስ? እናቱ እንጀራ ስትጋግር ጀርባዋ ላይ የሚውል ልጅ ያንኑ ጢስ ይስባል። በጥላሸት የጠገበ ጠባቂ ተሐዋስያንን መዋጥ ስለሚሳነው የሳንባ ምች ቶሎ ያገኘዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጢስ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ ማለት ለኛ ቀላል ነው፤ መብራት ላልገባለት ቤት ግን ምን ይጠቅመዋል? ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ፤ ጢሱ የሚወጣበት መስኮት ከፍ ተደርጎ ይከፈትለት። ይህ የእናቶች ዕዳ ብቻ አይደለም፤ ጎተራ የሚሠራ አባወራ ማድ ቤት መሥራት አያቅተውም። እርጥብ ባሕር ዛፍ አታንድዱ፤ አድርቁት። ምርጥ ምድጃ የሚባለው እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ጢስ ማውጫ ካልተሠራለት ግን የሚወጣው ጢስ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። በምትጋግሩበት ሰዓት ልጁን ለአያቱ ወይም ለእህቱ ስጡ።

ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይመሽ ጤና ጣቢያ አድርሱት። የአዋቂም ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ «ጢስ ነው» ተብሎ አይተው፤ የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ይጀምራልና አክታችሁን አስመርምሩ።