ሥራ በድንገት ሲቋረጥ፦ ለአጽማኢዎች የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

በእስራኤል፣ በናታኒያ ሰሜን፣ በባሕሩ ዳር በሚገኘው በኤይን ሀትኽሌትና በአካባቢው ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል፣ ለቀጣሪ ያልተገዙ፣ በዚህ አገር አጽማኢ የሚባሉ፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ባለ ታክሲዎች፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺዎች፣ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቅና ለድግስ የሚያቀርቡ እናቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሥራ በሞላበት ጊዜ ጌታም ሎሌም ራሳቸው በመሆናቸው የሚቀናባቸው ሲሆኑ፣ ሥራው በድንገት የተቋረጠ እንደሆነ ግን፣ ተቀጣሪው ወደ ቢቱዋሕ ሌኡሚ (ብሔራዊ መድን) ሄዶ የሥራ አጥነት አበል ሲጠይቅ፣ እነርሱ በአጽማኢነታቸው ያንን አበል የሚያገኙበት ሕግ የለም።

ይህ ልዩነት ለሁሉ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ የሠርግ አዳራሾችን ባዘጋ ጊዜ ነው። ተቀጣሪው ሐላት (ያለ ደመወዝ ፈቃድ) ወጥቶ አበሉን በየወሩ ሲቀበል፣ አጽማኢው መንግሥት የተለየ ስጦታ እስኪወስንለት ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ በሐምሌም ወር በቴል አቪቭ በራቢን አደባባይ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ አቤት አለ። መጀመሪያ የተሰጠው ስጦታ፣ ሰውየው በ2018 ካስታወቀው ገቢ ወርኃዊ አማካይ 65 በመቶ፣ ቢበዛም 6,000 ሼክል ስለ ነበረ፣ በደጉ ዘመን ገቢውን አሳንሶ ያስታወቀ ሁሉ በክፉው ዘመን ርዳታው በዚያው ልክ አነሰበት።

እንግዲህ ሥራ የተቋረጠበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያሸንፈው የሚገባው ጠላት ይሉኝታ ነው። የአገሩ ሕግ ሰውየው ራሱ መጥቶ እስኪናገር ድረስ በትናንቱ ገቢ ይቆጥረዋልና፣ እያንዳንዱ የዝምታ ወር በዕዳ ላይ ዕዳ ይጨምራል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሥራ በዚያው ሳምንት አንድ ደብተር ይዞ መቀመጥ ነው። በአንዱ ገጽ ላይ የሚከፈለው ሁሉ ከነቀኑ፣ በሌላው ገጽ ላይ ሌሎች ሰዎች ያልከፈሉዎት ገንዘብ ይጻፍ። እንጀራ የምታቀርብ አንዲት እናት ደብተሯን ብትከፍት፣ በአንዱ በኩል የጤፍ ዕዳ፣ ሦስት ምጣድ የፈጀው መብራት፣ የቤት ኪራይና ለአስመጪው የሰጠችው ሼክ ሲታይ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ሱቆቹ «ሾቴፍ ፕሉስ 60» (ከወሩ መጨረሻ በኋላ በ60 ቀን) እያሉ ያሳደሩት የሁለትና የሦስት ወር ሒሳብ ሳይሰበሰብ ተቀምጦ ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚደነግገው ሕግ፣ በጽሑፍ ሌላ ውል ካልኖረ በቀር፣ ነጋዴ ለአቅራቢው ደረሰኝ ከቀረበበት ወር መጨረሻ ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ያዛልና፣ ብድር ከመፈለግ በፊት ይህን ገንዘብ በትሕትና ግን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው የክፍያ ተራ ማውጣት ነው። ምግብ፣ መድኃኒት፣ መብራት፣ የቤት ኪራይ ወይም ማሽካንታ (የቤት ብድር) ይቀድማሉ፤ ከእነርሱም ቀጥሎ፣ ምናልባትም አብሮ፣ በሰው እጅ ያሉት ሼኮች ናቸው። በእስራኤል ሕግ በ12 ወር ውስጥ 10 ሼክ ያለ ሽፋን የተመለሰበት ሰው፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ 15 ቀን ያለፈ እንደሆነ፣ ሒሳቡ ለአንድ ዓመት ይገደብና ሼክ መጻፍ ይከለከላል፤ የሥራ ሰው ደግሞ ያለ ሼክ ዕቃ የሚሰጠው ማን ነው? ስለዚህ የአስመጪውም የአከራዩም ሼክ የሚወጣበት ቀን ሳይደርስ ወደ ባለቤቱ ደውለው፣ «ይህን ወር ይታገሡኝ፣ ግማሹን አሁን ልስጥ» ማለት፣ ሼኩ ከተመለሰ በኋላ ከሚደረገው ልመና ሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቅ ነው። ቢቱዋሕ ሌኡሚ ከአጽማኢ በየወሩ የሚቀበለው ቅድሚያ ክፍያ፣ ሚክዳማ የሚሉት፣ ማስ ሐክናሳ (የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት) በመጨረሻ በወሰነው የገቢ ግምት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዘንድሮ ገቢው በግማሽ ቢወርድም፣ ባለቤቱ እንዲቀነስለት ካልጠየቀ በቀር የአምናው ክፍያ ይቀጥላል። ይህን ጥያቄ በናታኒያው ቅርንጫፍ፣ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ወይም በስልክ ኮከብ 6050 ማቅረብ ይቻላል። ለማስ ሐክናሳም እንዲሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርባል። ነገር ግን ከእውነተኛው ገቢ በታች አውርዶ ማስታወቅ ሁለት ጉዳት አለው፤ በዓመቱ መጨረሻ ልዩነቱ ይጠየቃል፣ ደግሞም የወሊድ አበልና የሚሉኢም (የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) ክፍያ የሚሰላው በዚሁ በተከፈለበት ገቢ ላይ ስለሆነ፣ በዚያ መካከል ልጅ የሚወለድበት ወይም ለሚሉኢም የሚጠራ ቤተ ሰብ በገዛ እጁ መብቱን ያሳንሳል። ኦሴክ ሙርሼ (ማዓም፣ ማለትም የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የሚሰበስብ ነጋዴ) የሆነ ሰው ምንም ሽያጭ ባይኖረው እንኳ የማዓም መግለጫውን በዜሮ ማቅረብ አለበት፤ ኦሴክ ፓቱርም (ማዓም የማይሰበስበው) ዓመታዊ መግለጫውን እስከ ጥር 31 ያቀርባል። የከሰረም ቢሆን ዓመታዊ ሪፖርቱን አይተው፤ የንግድ ኪሣራ በዚያው ዓመት ከሌላ ገቢ፣ ከደመወዝ ጭምር፣ ተቀንሶ የተረፈው ወደሚመጡት ዓመታት ስለሚተላለፍ፣ ያልተጻፈ ኪሣራ የጠፋ ገንዘብ ነው።

አጽማኢ ሆኖ በጎን ተቀጥሮ የሠራ ሰው፣ ከሥራ አጥነቱ በፊት ባሉት 18 ወራት ውስጥ 12 ወር ተቀጥሮ የሠራ እንደሆነ፣ በቅጥሩ በኩል የአቭታላ (የሥራ አጥነት አበል) መብት ሊኖረው ይችላልና ይጠይቅ። ገቢው እጅግ የወደቀ ቤተ ሰብ ደግሞ ሐቭታሐት ሐክናሳ የሚባለውን የገቢ ድጎማ ማመልከት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ንብረቱና መኪናው ስለሚመረመሩ ሰነዱን አሟልቶ መሄድ ይገባል። የአርኖና (የማዘጋጃ ቤት ግብር) ቅናሽም በገቢ መጠን ይሰጣልና ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ማመልከት ነው። ማሽካንታ ያለበት፣ ክፍያው ለጥቂት ወራት እንዲቆምለት ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የቆመው ወር ምን ያህል ወለድ እንደሚጨምር ግን ሳይጠይቅ አይፈርም።

ከዚህ በኋላ ጥሪት መንካት ይመጣል። ኬረን ሂሽታልሙት የሚባለው የቁጠባ ገንዘብ ያለው ሰው ከከፈተው 6 ዓመት የሞላው እንደሆነ፣ ገንዘቡን ያለ ግብር ለማናቸውም ጉዳይ ማውጣት ይችላል፤ ከዚያ በፊት ማውጣት ግን ከባድ ግብር ያስከትላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አጽማኢው እንዲያስቀምጥ የታዘዘው ጡረታ ውስጥም፣ ሥራውን ለዘጋ ሰው የሚፈቀድ ክፍል አለና፣ ጡረታውን የሚያስተዳድረውን ድርጅት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የቀረውን የጡረታ ገንዘብ ግን አይንኩት፣ በእርጅና ዘመን ልጅ እንኳ ሊተካው አይችልምና።

ብድር የግድ ከሆነ፣ ሚኑስ (የባንክ ሒሳብ ጉድለት) ውስጥ ከመዝለቅና ከመንደር አራጣ አበዳሪ ይልቅ ወለድ የሌለውን መሻት ይሻላል። ኦሪት ለወንድም በወለድ ማበደርን ስለ ከለከለች፣ በዚህ አገር ገማሕ የሚባል የብድር ልማድ በብዙ ምኩራቦች አለ፤ ፕሮፌሰር ኤሊዔዘር ያፌ እ.ኤ.አ. በ1990 የመሠረቱትና ዛሬ ኦገን የሚባለው ማኅበርም ያለ ወለድ ያበድራል። የቤተ ሰብ በጀት ለመያዝ የሚያግዘው ፓዓሞኒም የተባለው ማኅበር ደግሞ አማካሪ ይመድባል። እቁብ ያለበት ሰው ዕጣው እንዲቀድምለት ዳኛውን ይለምን፤ ዕጣውን የወሰደም እንደሆነ፣ ሳንቲሙ ሲጎድል ከመሸሽ ዋሱንና ዳኛውን አስቀድሞ ያነጋግር፤ እቁብ የሚፈርሰው ገንዘቡ ስለ ጎደለ ሳይሆን ሰውየው ስለ ተሸሸገ ነውና።

ሥራው ተመልሶ የማይመጣ መስሎ ከታየ፣ ለጥቂት ወራት ተቀጥሮ መሥራት ውርደት አይደለም፤ ሕጉም አጽማኢነቱን ይዞ ተቀጣሪ መሆንን ይፈቅዳል። የኢኮኖሚ ሚኒስቴር የሚያግዛቸው የማዖፍ ማዕከሎች ደግሞ ንግዱ የሚድን ይሁን አይሁን በአማካሪ ያስመረምራሉ፤ ምርመራው ግን መዛግብት ላለው ሰው ብቻ ነው የሚጠቅመው። መዝጋት ያስፈለገ እንደሆነ፣ ማስታወቂያው ለሦስቱም፣ ለማዓም፣ ለማስ ሐክናሳና ለቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ በየብቻው ይላክ፤ አንዱ ለአንዱ ይነግረዋል ብለው አይተማመኑ፤ ያልተዘጋው መዝገብ ባለቤቱን እንደ አጽማኢ ማስከፈሉን ይቀጥላልና። ደረሰኞቹንና ደብተሩንም ለሰባት ዓመት አያስወግዱ።