ስለ ምርጫና ስለ ሰፈር ሥራ ለወጣቶች የተሰጠ ትምህርት

ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የራሱን ቤት ብቻ ሳይሆን የሰፈሩንና የአገሩንም ነገር ሊያስብ ይገባዋል። ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎች «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይጠቅማል?» ትላላችሁ። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ከሥራ መሸሽ ነው።

አንደኛ፤ ይህ መብት እንዴት እንደ መጣ አስተውሉ። በ1923 ዓ.ም. በቆመው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የመረጡ መኳንንቱና የአገር ሹሞች ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ ገና አልበቃም ተብሎ ነበርና። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሆነ ሴት እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ተደረገ። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ የመምረጫው ዕድሜ 18 ዓመት ነው። እንግዲህ ቀደምቶቻችሁ «አልበቃችሁም» የተባሉበትን ነገር እናንተ በ18 ዓመታችሁ አግኝታችኋል። በእጅ የገባውን መብት ሳይሠሩበት መተው፥ አልበቃሁም ብሎ በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ሁለተኛ፤ ድምፅ አደራ ነው። መራጩ በወረቀቱ ላይ ምልክት የሚያደርገው ለብቻው ሆኖ በስውር ነው፤ ሰው ባያየውም ኅሊናው ያየዋል። ለሥጋ ዝምድና ሲል ወይም ስለ ገንዘብና ስለ ግብዣ ብሎ የሚመርጥ ሰው የጎረቤቱን ጉዳይ ይሸጣል፤ መንገዱ ቢበላሽ፥ ውሃው ቢቋረጥ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለምና። ደግሞም በመራጮች መዝገብ ያልተጻፈ በምርጫው ቀን ቢመጣ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ ተመዝገቡ፤ የተወዳዳሪዎቹንም ቃል ከሥራቸው ጋር አመዛዝኑ።

ሦስተኛ፤ ጠቅላላ ምርጫ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የሰፈር ሥራ ግን ሁልጊዜ አለ። ዕድርን ተመልከቱ፤ አባሎቹ ዳኛቸውን፥ ጸሐፊያቸውንና ገንዘብ ያዣቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ወጣቱ ግን የሽማግሌዎች ነገር ነው ብሎ ይተወዋል፤ ሐዘን ሲደርስበት ብቻ ድንኳኑን ይፈልጋል። እናንተ የተማራችሁ፥ መዝገቡን በመጻፍና ሒሳቡን በማስላት አባቶችን አግዙ። የቀበሌ ስብሰባም ሲጠራ ሂዱ፤ ሌላው ሲናገር ታገሡ፤ ተራችሁ ሲደርስ በአክብሮት ተናገሩ፤ አሳባችሁ ባይጸድቅ አኵርፋችሁ አትቅሩ። በትንሹ ጉባኤ መሸነፍን ያልተማረ ሰው፥ በትልቁ ምርጫ ሲሸነፍ ወንድሙን ጠላት ያደርገዋል፤ ከዚህም ስንት ቤት ይፈርሳል!

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እያንዳንዱ የድርሻውን ሎሚ ካላነሣ ሸክሙ በጥቂቶች ላይ ይወድቃል፤ የተሸከመውም ሎሚው ሁሉ የእኔ ነው ማለት ይጀምራል።

ራሳችሁን ጠይቁ፤
1. ስሜ በመራጮች መዝገብ ተጽፎአልን?
2. የምመርጠውን ሰው በምን ምክንያት መረጥሁት? ምክንያቱንስ በጎረቤቶቼ ፊት ያለ ኀፍረት መናገር እችላለሁን?
3. በዚህ ወር ለሰፈሬ ምን ሠራሁ?