ሩቅ የሄደው ለምን አይዘገይም?

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባ አለኝ። ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ በሞላ የታሰረን ዕቃ ትንሽም ስበን ብንለቀው፣ ብዙም ስበን ብንለቀው፣ አንድ ሙሉ ምልልስ የሚፈጅበት ጊዜ እኩል ነው ይላል መጽሐፉ። ሩቅ የሚሄደው እንዴት አይዘገይም?

መምህር፦ ፈጥኖ ስለሚሄድ ነዋ! ዕቃው ከሚያርፍበት መሀል እስከ ጫፍ ያለው ርቀት አምፕሊቲዩድ ይባላል። እሱን እጥፍ ስታደርጊው ሞላው የሚመልስበት ኃይልም እጥፍ ይሆናል። መንገዱ እጥፍ፣ ፍጥነቱም እጥፍ፤ ጊዜው ግን ያው።

ጠያቂ፦ እስቲ በቁጥር ያሳዩኝ።

መምህር፦ አንድ ምልልስ 2 ሴኮንድ ይፍጅ። ሁለት ፓይን ለምልልሱ ጊዜ አካፍለሽ በአምፕሊቲዩዱ ስታባዢ ከፍተኛውን ፍጥነት ታገኛለሽ። አምፕሊቲዩዱ 5 ሳንቲሜትር ከሆነ በሴኮንድ 15.7 ሳንቲሜትር ይመጣል። 10 ቢሆንስ?

ጠያቂ፦ 31.4። ታዲያ ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ጫፍ ሲደርስ ነው?

መምህር፦ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

ጠያቂ፦ ይመለሳል... ለመመለስ ደግሞ ለቅጽበት መቆም አለበት!

መምህር፦ ጎሽ! ጫፉ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ከፍተኛው መሀሉን ሲያቋርጥ ነው።

ጠያቂ፦ እንግዲያው ከመሀል ወደ ጫፍ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል።

መምህር፦ አይቀንስም፤ ገና 87 በመቶ ያህሉ አለ። ሞላው የሚያከማቸው ኢነርጂ የሚያድገው በርቀቱ ስኩዌር ነው። እኩሌታው ላይ የወሰደው ከጠቅላላው ሩቡን ብቻ ነው፤ ሦስት ሩቡ አሁንም በእንቅስቃሴ ላይ ነው። ፍጥነቱ የሦስት ሩብ ስኩዌር ሩት ነው።

ጠያቂ፦ ለዚህ ነው ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ባንዴ የሚደክመው! የፔንዱለምስ የምልልስ ጊዜ እንደዚሁ እኩል ነው?

መምህር፦ ውዝዋዜው ጠባብ ሲሆን፣ አዎ። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 እ.ኤ.አ. የፔንዱለም ሰዓት የፈለሰፈው ይህን ጠባይ ይዞ ነው። ውዝዋዜው ሲሰፋ ግን የሚመልሰው ኃይል የርቀቱን ያህል አያድግም። እስከ 90 ዲግሪ ስበሽ ብትለቂው ምልልሱ 18 በመቶ ያህል ይረዝማል።

ጠያቂ፦ ስለዚህ ጊዜው የማይለወጠው ኃይሉ ከርቀቱ ጋር እኩል እስካደገ ድረስ ብቻ ነው።

መምህር፦ ሞላም ቢሆን ከአቅሙ በላይ ከተለጠጠ ሕጉ ይፈርሳል። በይ የመጨረሻ ጥያቄ፦ በልኩ ተስቦ አምፕሊቲዩዱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ምን ምን ይለወጣል?

ጠያቂ፦ ከፍተኛው ፍጥነት ሦስት እጥፍ፣ ኢነርጂው ዘጠኝ እጥፍ፤ ጊዜው ንቅንቅ አይልም።